ተርፎ የቀረውን ግድግዳ ከማንሣት በፊት፦ የአንድ የስትራክቸር ምርመራ አገልግሎት ግምገማ

ሳሎናችንና የምግብ ክፍላችን በሚገናኙበት ቦታ፣ ከጎን ግድግዳው ወደ መሀል ብቅ ብሎ የቆመ የግድግዳ ጉማጅ አለ። ወርዱ 62 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከነልስኑ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከወለል እስከ ጣሪያ 2.70 ሜትር ነው። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን ግድግዳዎቹ ከድፍን ጡብ፣ የፎቁ ወለል ደግሞ ከአርማታ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ወለል) የተሠሩ ናቸው። ከእኛ በፊት የኖሩበት ሰዎች ሁለቱን ክፍሎች አንድ ለማድረግ የመሀሉን ግድግዳ ሲያፈርሱ ይህን ቁራጭ ለምን እንደተዉት የነገረን ሰው አልነበረም። እኛም ዕቃ ባዘዋወርን ቁጥር እየገጨነው፣ ጠረጴዛ ስንዘረጋ እየዞርነው ሁለት ዓመት ስንኖር፣ ሥራቸውን ሳይጨርሱ የሄዱ ግንበኞች ረስተውት የቀረ ነገር አድርገን ነበር የምናየው።

ይህ ጽሑፍ ጉማጁ ይነሣ ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን የተጠቀምንበትን አገልግሎት የሚገመግም ነው። አገልግሎቱ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ቤት ድረስ መጥቶ ግድግዳውን የሚመረምርበት፣ ከዚያም የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ሪፖርት የሚሰጥበት ነው። ስም መጥቀስ አልፈለግሁም፤ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም በዝርዝር የማቀርበው ሌላው ሰው ተመሳሳይ አገልግሎት ሲፈልግ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ዘንድ ነው።

መሐንዲስ ከመጥራታችን በፊት የጠራነው አፍራሽ ነበር። ሰውየው ገብቶ ጉማጁን በመዶሻው እጀታ ሦስት አራት ጊዜ ቆረቆረው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያም ባዶ ድምፅ ስለሚሰጥ ምንም እንዳልተሸከመ፣ በአንድ ቀን አንሥቶ ፍርስራሹንም ጭኖ እንደሚሄድ ነገረን። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት እንዲጀምር ፈልጋ ነበር፤ እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቆመን ነገር ቢኖር ሰውየው አንድም ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ላይ አለማየቱ ነው። ፎቁ ላይ ምን እንዳለ አልጠየቀም፣ ደረጃውንም አልወጣም። ዛሬ ሳስበው፣ ግድግዳን ቆርቁሮ መፍረድ እጅግ አሳሳች እንደሆነ በሚገባ ገብቶኛል። ልስኑ ከጡቡ የተላቀቀ ከሆነ ድፍኑ ግድግዳ ባዶ መስሎ ይሰማል፤ በአንጻሩ ምንም ያልተሸከመ ተራ መለያ ግድግዳ በደንብ የተለሰነ ከሆነ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ቢበዛ የሚነግረን ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ነው፤ ምን እንደያዘ ግን ሊነግረን አይችልም።

መሐንዲሷ የመጡት በተቀጠረው ሰዓት ነው። ጉማጁን አለፍ ብለው በቀጥታ ወደ ፎቅ መውጣታቸው መጀመሪያ ግራ አጋብቶን ነበር። እዚያም የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ከሁለት አቅጣጫ ለክተው ከታችኛው ፎቅ ልክ ጋር አነጻጸሩትና ግድግዳው ያረፈው በጉማጁና በክፍተቱ መስመር ላይ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ወርደው ጣሪያውን ብረት በሚጠቁም መሣሪያ አሰሱት። መሣሪያው በማግኔት መስክ የሚሠራ ሲሆን በሶሌታው ሆድ ውስጥ ያሉት ፌሮዎች (የአርማታው ብረቶች) በየትኛው አቅጣጫ እንደተዘረጉና ምን ያህል ተቀራርበው እንደተቀመጡ ያሳያል። ዋነኞቹ ፌሮዎች በተዘረጉበት አቅጣጫ ሶሌታው ክብደቱን ይወስዳል፤ በእኛ ቤት ፌሮዎቹ ከጉማጁ መስመር ጋር ተሻግረው ስለተዘረጉ፣ በግራም በቀኝም ያለው ሶሌታ ግማሽ ግማሹን ክብደት የሚያራግፈው በዚያው መስመር ላይ ነበር። ይህን ሲያስረዱን ጣታቸውን በጣሪያው ላይ እያንቀሳቀሱ ክብደቱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚወርድ በዓይናችን እንድንከተለው ስላደረጉ፣ ያለ ምንም ሥዕል ገባን።

ቀጥሎ ፈቃድ ጠይቀው ልስኑን በሁለት ቦታ ከፈቱት፤ አንዱ ከላይ፣ ጉማጁ ከጣሪያ ጋር በሚገናኝበት በውጪኛው ጠርዝ፣ ሌላው ከታች ከወለሉ አጠገብ። እያንዳንዱ ቀዳዳ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። መጀመሪያ ቀለሙን በስለት ዙሪያውን ቀድደው ነው ልስኑን በትንሽ መሮ ያነሡት፤ በዚህም ምክንያት ጠርዙ ሳይፈረካከስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከላይኛው ቀዳዳ ውስጥ መጀመሪያ የታየን ቀይ ጡብ ሳይሆን ግራጫ ኮንክሪት ነበር። ቀዳዳውን ወደ ጎን ትንሽ ሲያሰፉት ኮንክሪቱ ከጉማጁ ጠርዝ ወደ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጡብ ብቻ ነው። ኮንክሪቱ ከቆመበት ከጡቡ ራስ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ከሌላው ጠንከር ያለና ጠቆር ያለ የሲሚንቶ ንጣፍ አለ። መሐንዲሷ የእጅ ባትሪውን አብርተው እንድናይ ጋበዙንና «ቢሙ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው» አሉ፤ ቢም በክፍተት አናት ላይ ተጋድሞ ከላይ ያለውን ክብደት የሚሸከም አግዳሚ ነው።

ለሁለት ዓመት ያልገባን ነገር ያን ጊዜ ፍንትው አለ። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ግድግዳውን ሲያፈርሱ በክፍተቱ አናት ላይ አዲስ ቢም አስገብተዋል። ቢሙ አንደኛው ጫፉ በወዲያኛው ግድግዳ፣ ሌላኛው ጫፉ በጉማጁ ጠርዝ ላይ አርፎ በልስን ተሸፍኗል። ጉማጁ ሥራ ሳይጨርሱ የተዉት ቁራጭ ሳይሆን፣ ሥራውን የጨረሱበት ዋናው ነገር ነበር።

ክብደቱን በዚያው ቦታ በወረቀት ላይ አሰሉልን፤ ስሌቱ ቀላል በመሆኑ እኔም ቆይቼ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። አርማታ በኪዩቢክ ሜትር 2500 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይደርሳል። ቢሙ ከማረፊያው መሀል እስከ ማረፊያው መሀል 3.60 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከሁለቱም ወገን የሚሸከመው ሶሌታ ስፋቱ ሲደመር 4 ሜትር ነው፤ ይህም 14.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የሶሌታው ክብደት ብቻ 5400 ኪሎ ነው። የፎቁ ግድግዳ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጡብ ስለሆነ ሌላ 2100 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ ቢሙ ራሱ ደግሞ ከ700 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ለሁለት ሲካፈል በጉማጁ ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ከ4000 ኪሎ በላይ ነው። ለመኖሪያ ክፍል ለሰውና ለዕቃ ተብሎ በስሌት የሚገባው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሲታከልበት 5 ቶን ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 20 ሳንቲ ሜትር በ24 ሳንቲ ሜትር እንኳ በማትሞላ፣ ሁለት መዳፍ ገጥሞ ከመዘርጋት ብዙም በማትበልጥ ቦታ ላይ ነው። አፍራሹ በአንድ ቀን አነሣዋለሁ ያለው ይህን ነበር።

በዚህ ጉብኝት ከሰማሁት ሁሉ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁትን ነገር እዚህ ላይ ማስፈር ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደኔ ያስብ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ስሌቱን ከሰማን በኋላ ባለቤቴ ያቀረበችው ሐሳብ፣ ሙሉውን ማንሣት ካልተቻለ ቢያንስ ከጠርዙ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይጠር የሚል ነበር። ሐሳቡ ለጆሮ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ከ62 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲሶውን ብቻ መንካት ሁለት ሦስተኛውን መጠበቅ ይመስላልና። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ቢሙ የተቀመጠው በጠርዙ ላይ እንጂ በመሀሉ ላይ ስላልሆነ፣ ለዓይን ትርፍ መስሎ የሚታየው የመጨረሻው 20 ሳንቲ ሜትር ሸክሙን ሁሉ የያዘው ክፍል ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ የማረፊያው ርዝመት በግማሽ ይቀንስና በጡቡ ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል፤ ከዚህም ሌላ በቁርጡ የተጎዳው የጡብ ጠርዝ ከፊት ለፊት ሊሸረፍ ይችላል። 20 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ ቢሙ በአየር ላይ ይቀራል። መሐንዲሷ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ነገር ግን ከሪፖርቱ ውስጥ በደማቁ የተጻፈችው ብቸኛ ዓረፍተ ነገር «ጉማጁ በከፊል አይቆረጥም፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይቆያል፣ ወይ በአዲስ የሸክም መስመር ተተክቶ ሙሉ በሙሉ ይነሣል» የምትለዋ ነበረች።

ጉማጁ ሌላም ሥራ አለው። የጎን ግድግዳችን ረጅም ነው፤ ረጅምና ቀጭን የጡብ ግድግዳ ደግሞ ከጎን የሚይዘው ነገር ካጣ በንፋስ ግፊት ወይም በመሬት ንቅናቄ ጊዜ የመዝመም ጠባይ አለው። ከእሱ ጋር ተሻግሮ የተገነባ አጭር ግድግዳ እንደ መከታ ሆኖ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በሁለተኛው ቀዳዳ፣ ከታች በተከፈተው፣ የጉማጁ ጡቦች ከጎን ግድግዳው ጡቦች ጋር በየረድፉ ተጠላልፈው መገንባታቸው ታይቷል፤ ይህም ሁለቱ ግድግዳዎች አብረው የተሠሩና አንዱ ሌላውን የሚደግፉ መሆናቸውን ያመለክታል። በኋላ የተለጠፈ ቢሆን ኖሮ ቀጥ ያለ መገናኛ መስመር ይታይ ነበር።

ስንጥቅን በተመለከተም አንድ ነገር አሳዩን። ከክፍተቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው ሰያፍ የሚወጣ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ነበር፤ እኛ ለብዙ ጊዜ የቀለም መሰንጠቅ ነው ብለን ትተነዋል። መሐንዲሷ ስፋት የተሰመረበት ግልጽ የፕላስቲክ ካርድ አስጠግተው 0.4 ሚሊ ሜትር ብለው መዘገቡት፤ በማጉያ መነጽርም ውስጡን አዩና የቀድሞው ቀለም በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ መድረቁን አገኙ። ይህ ማለት ስንጥቁ ከመጨረሻው ቀለም በፊት ተፈጥሮ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተከፈተም ማለት ነው፤ ቢሙ በገባበት ጊዜ ሸክሙን ሲቀበል ትንሽ ረግቦ የፈጠረው ሳይሆን አይቀርም። ስንጥቁ ውስጥ ንጹሕና ስለታም ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ንግግራችን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በስንጥቁ ላይ ተሻጋሪ ሁለት አጫጭር የእርሳስ መስመሮች ሠርተው ቀኑን ጻፉበት።

ሙሉ በሙሉ ማንሣት ምን ይጠይቃል የሚለውን ጥያቄ በትዕግሥት ነው ያስረዱን፤ ይህንንም እንደ አገልግሎቱ ጥንካሬ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ማስፈራራት ወይም ማደፋፈር ሳይሆን ማሳወቅ ነበር። ነባሩን ቢም ማስረዘም አይቻልም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ፌሮ ለ3.60 ሜትር የተለካ ነው። ጉማጁ ሲነሣ ርዝመቱ 4.20 ሜትር ያህል ይደርሳል። በሰው ዓይን 60 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ጭማሪ ነው፤ በቢሙ ላይ ግን በሜትር የሚያርፈው ክብደት ባይለወጥም ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል ከርዝመቱ ሁለተኛ ርቢ (ርዝመቱ በራሱ ሲባዛ) ጋር ስለሚጨምር 36 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ የመርገቡ መጠን ደግሞ ከርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጥልቅ የሆነ አዲስ ቢም ወይም የብረት ቢም ያስፈልጋል። አዲሱ ቢም በጎን ግድግዳው ውስጥ በሚከፈት ኪስ ውስጥ፣ ክብደቱን በጡቡ ላይ የሚያሰራጭ የኮንክሪት ትራስ ተደርጎለት ያርፋል። ከዚያ በፊት በሁለቱም ወገን ሶሌታው በብረት ድጋፎች ይያዛል፤ ድጋፎቹም ሸክሙን የሚያራግፉበት ወለል ጠንካራ መሆን፣ ከሥራቸውም ወፍራም ጣውላ መነጠፍ አለበት። ያለዚያ ክብደቱ ከግድግዳው ወጥቶ በወለሉ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ያርፋል። ድጋፎቹ የሚነሡትም ቢሙ ከሶሌታው ጋር በደረቅ ሙሌት ጥብቅ ብሎ ከተገናኘና ሙሌቱ ከጠነከረ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የአንድ ቀን ሥራ የሚለውን ቃል ዳግመኛ በቀላሉ ልሰማው አልችልም።

በዚህ ላይ የፍርስራሹ ጉዳይ አለ። ድፍን ጡብ በኪዩቢክ ሜትር 1800 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ይህ ትንሽ የሚመስል ጉማጅ ብቻውን ከ700 ኪሎ በላይ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ወለል ሴራሚክ የለውም፤ 62 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ተመሳሳዩን ሴራሚክ ማግኘት ካልተቻለ የተጠገነው ቦታ ለዘላለም ይታያል። የጡብና የኮንክሪት ብናኝ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ስላለበት ሳንባን ይጎዳል፤ ስለዚህ በውኃ እየረጠበ መቆረጥና ሠራተኛውም ኤን95 ወይም ተመሳሳይ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ አለበት። ቤቱ የቆየ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት፣ በአንዳንድ የኮርኒስና የቧንቧ ሽፋን ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ከመንካት በፊት ማስመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ጉማጅ ስናወራ አንድ ሌላ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ግድግዳውን እስከ ወገብ ድረስ ዝቅ አድርጎ እንደ ጠረጴዛ ወይም እንደ ዕቃ ማስቀመጫ መጠቀም። በእኛ ቤት ቢሙ ከላይ ስለተቀመጠ የማይታሰብ ነው። ነገር ግን ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና ቢም ባላቸው የአርማታ ቤቶች ውስጥ ግድግዳው ብሎኬት ብቻ ሆኖ ምንም ላይሸከም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐሳቡ ምንም ጉዳት የሌለው ይመስላል። መሐንዲሷ ስለዚህ ያስጠነቀቁን ነገር አዲስ ሆኖብኝ ነበርና ልጥቀሰው። ግድግዳው ከኮለን ጋር ተጣብቆ በግማሽ ቁመቱ ሲቀር የኮለኑን የታችኛውን ክፍል ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሊወዛወዝ የሚችለው ከላይ የቀረው አጭር ክፍል ብቻ ይሆናል። ረጅም ኮለን የሚጎብጠውን ያህል አጭሩ መጎበጥ ስለማይችል፣ ግፊቱ ሁሉ እዚያች ላይ ተከማችቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግማሽ ግድግዳ ከኮለን አጠገብ የሚቀር ከሆነ በሁለቱ መካከል በሚለጠጥ ነገር የሚሞላ ክፍተት ሊተው ይገባል። ይህን የነገሩኝ ስለ ቤታችን አልነበረም፤ ጠይቄ ስላገኘሁት ነው። የእርሳቸው ፈቃደኛነት ከተከፈለው በላይ እንደሆነ ተሰምቶኛል።

አሁን ወደ ድክመቶቹ። የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ሪፖርቱ በአምስት የሥራ ቀናት እንደሚደርስ ተነግሮን ነበር፤ የደረሰው ግን በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሦስት ጊዜ ከደወልኩ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመሐንዲሷ እንዳልፈርድ የሚያደርገኝ፣ መዘግየቱ የተፈጠረው ከቢሮው እንደሆነ ከንግግሩ መረዳቴ ነው፤ ለደንበኛው ግን ልዩነቱ ምንም አይደለም።

ሁለተኛው፣ የተከፈቱት ቀዳዳዎች መልሶ መለሰን በክፍያው ውስጥ አለመካተቱ አስቀድሞ አልተነገረንም። ልስኑን ለማስመለስና ቀለሙን ለማመሳሰል ሌላ ሰው መጥራት ነበረብን። ቀዳዳዎቹ በጥንቃቄ ስለተከፈቱ ሥራው ቀላል ሆነ እንጂ ጉዳዩ ሲቀጠሩ በግልጽ ሊነገር ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም የበለጠ ያሳሰበኝ ነው። በጉማጁ ላይ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ ከሥሩም ሶኬት አለ። መሣሪያው የኤሌክትሪክ መስመሩን ቱቦ ያሳየ ቢሆንም ሪፖርቱ ስለ መስመሩ መንገድ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያማክሩ»። ጉማጁ እንዲነሣ የወሰነ ሰው መስመሩን ማዞር፣ ማብሪያውን ለሰው እጅ ወደሚደርስ ሌላ ቦታ መውሰድ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ብሬከሩን አጥፍቶ መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በመሞከሪያ መሣሪያ ማረጋገጥ አለበት። ይህ የስትራክቸር ጉዳይ አይደለም ቢባል እስማማለሁ፤ ሰው ግን መዶሻ ይዞ የሚቆመው ከዚያው ግድግዳ ፊት ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ መስመሩ በየት በኩል እንደሚወጣ በንድፉ ላይ ቢሰመር ጥሩ ነበር።

የሪፖርቱ ይዘት ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዘጠኝ ገጽ ሲሆን ሁለቱ ገጾች የተከፈቱትን ቀዳዳዎች ፎቶ ከነመለኪያው ይዘዋል፤ አንዱ ገጽ የክብደቱን መንገድ ያሳያል፤ ስሌቱ በአባሪ ተቀምጧል። ለተራ ሰው የተጻፈው ማጠቃለያ ግማሽ ገጽ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ለባለቤቴ ያለ ችግር ማስረዳት ችያለሁ። ከስሌቱ በፊት የትኞቹ ነገሮች በዓይን እንደታዩ፣ የትኞቹ ደግሞ በግምት እንደተወሰዱ ለይቶ ማስቀመጡ በተለይ አስደስቶኛል፤ ለምሳሌ የቢሙ ፌሮ ብዛት በመሣሪያ የተገመተ እንጂ በዓይን ያልታየ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ከክፍያው ጋር ሳነጻጽረው፣ የጠየቁን አፍራሹ ከገመተው ዋጋ አንድ አምስተኛ ያህል ነበርና ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ። መሐንዲስ የማያስፈልገው ሁኔታም አለ፤ ጉማጁ በቀጭን እንጨት ወይም በቆርቆሮ ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈ የጂፕሰም ቦርድ እንደሆነ ተከፍቶ ከታየና አናቱ ላይ የሚያርፍ ምንም ነገር ከሌለ፣ ብቃት ያለው ግንበኛና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይበቃሉ። ሕንፃው የብዙ ሰዎች ከሆነ ግን ስትራክቸሩ የጋራ ስለሆነ የጎረቤቶችንና የሚመለከተውን የሕንፃ ፈቃድ ሰጪ አካል ፈቃድ ሳያገኙ ምንም መንካት አይገባም።

እኛ ጉማጁን ላለማንሣት ወሰንን። ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ባለቤቴ ሰፊውን ክፍል በዓይነ ሕሊናዋ አይታ ነበርና ለብዙ ቀን ዝም አለች። በመጨረሻ ልስኑን በሙሉ አድሰን፣ በሳሎኑ በኩል ቀላል መደርደሪያ ከጎን ግድግዳው ላይ እንጂ ከጉማጁ ላይ ሳይሆን ሰቅለን፣ ማዕዘኑ ላይ ልስኑን ከግጭት የሚጠብቅ ብረት አስገጠምን። መደርደሪያው ከጉማጁ ጠርዝ ጋር ሲገጥም ቁራጩ በዓይን መሰናክል መሆኑ ቀረ። ሪፖርቱን ከቤቱ ሰነዶች ጋር አስቀምጠናል፤ ቤቱን ከእኛ በኋላ የሚይዝ ሰው ቁራጩ ለምን እንዳለ ሳይጠይቅ እንዲያውቅ።

አገልግሎቱ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንድ ጊዜ ተመልሶ ስንጥቁን እንደሚያይ ቃል ገብቶ ነበርና ይህን ቃሉን ጠብቋል። መሐንዲሷ በቀጠሯቸው ቀን መጡ፤ ቀለሙን ስናድስ መስመሮቹ እንዳይጠፉ በወረቀት ሸፍነን ትተናቸው ስለነበር ወዲያው አገኟቸው። ካርዱን አስጠግተው አነበቡ፤ አሁንም 0.4 ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ሥር አዲሱን ቀን በእርሳስ ጽፈው ካርዱን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።